ስለ ድመት ግልገሎችና ስለ እናታቸው፤ ከቁንጫ በደኅና የሚጠበቁበት መንገድ

ቤቱን በሚገባ የሚያስተዳድር ሰው ትልቁን ብቻ ሳይሆን ትንሹንም ይመለከታል። በሬ ሲታመም፤ በቅሎ ሲያነክስ፤ ላም ስትነጥፍ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይጨነቃል፤ ዐዋቂም ይጠራል። ድመት በጓዳ ወልዳ ግልገሎቿ አንድ ባንድ ሲያልቁ ግን «ድመት ናት፤ ሌላ ጊዜ ትወልዳለች» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አነጋገር የቤቱን ሒሳብ ያላየ አነጋገር ነው። ድመት በጎተራና በጓዳ ላይ የቆመች ዘበኛ ናት፤ ደመወዟም ከገበታ የተረፈ ፍርፋሪና ጥቂት ወተት ብቻ ነው። የዛሬው ግልገል የከርሞ ዘበኛ ነውና፤ እርሱን በቸልታ ያጠፋ ሰው የከርሞውን እህል ለአይጥ እንደ ሰጠ ይቈጠራል።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን አዲስ የተወለዱትን የድመት ግልገሎችና እናታቸውን ከቁንጫ እንዴት እንደምንጠብቃቸው፤ ይልቁንም እንጠብቃቸዋለን ስንል እንዳንገድላቸው ምን ማድረግ እንደሚገባን እንጽፋለን።

ነገሩን እንድናነሣ ያደረገን በከምባታ ደጋ በዶዮገና ያየነው የቤት አኗኗር ነው። ዶዮገና በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፤ በከምባታ ዞን፤ ከሆሳዕና ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ የምትገኝ ናት። አገሩ ዝናብና ብርድ ያለው ለምለም ደጋ ስለ ሆነ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ተተክሎ ይታያል፤ ስንዴና ገብስ፤ ባቄላና አተርም ይዘራል፤ የዶዮገና በግም ስሙ በሩቅ የታወቀ ነው። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋምና፤ በዚያ አገር ድመት የቤት ጌጥ ሳትሆን የቤት ሠራተኛ ናት። ዳሩ ግን ለድመት የሚመቸው ቤት ለቁንጫም ይመቻል። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ጎጆ፤ ወለሉ አፈር፤ ጕዝጓዙም ገለባ ወይም የደረቀ የእንሰት ቅጠል ሲሆን፤ ምድጃው ሳይጠፋ ስለሚያድር ውጭው ውርጭ ቢሆንም ውስጡ ሞቃትና እርጥበት ያለው ይሆናል፤ ቁንጫም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በከተማ ወፍራም ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ የሚኖሩ ጌቶችና እመቤቶችም ይህ የገጠር ነገር ብቻ እንዳይመስላቸው፤ የምንጣፍ ጠጕር ለቁንጫ ከገለባ የማያንስ መሸሸጊያ ነው።

ቁንጫ ከጥንት ጀምሮ የትንሽነት ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። ዳዊት በሳኦል ፊት ራሱን ዝቅ ሲያደርግ በሞተ ውሻና በቁንጫ እንደ መሰለ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 24 ተጽፏል። በእውነትም ለሰው ቁንጫ ትንሽ ነው፤ ትናንት ለተወለደ የድመት ግልገል ግን ትንሽ አይደለም። አዲስ የተወለደ ግልገል ክብደቱ 100 ግራም ያህል ነው። በሰውነቱ ያለው ደም ሁሉ ቢሰበሰብ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሊትር፤ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሊቃውንት ለክተው እንደ ደረሱበት ደግሞ 70 ያህል ሴት ቁንጫዎች በአንድ ቀን 1 ሚሊ ሊትር ደም ይመጣሉ። እንግዲህ ይህን ያህል ቁንጫ የወረረው ግልገል በአንድ ቀን ከደሙ ከሰባት እጅ አንዱን ያህል ያጣል ማለት ነው። አንባቢ ሆይ፤ ግልገሎች ያለ ቍስልና ያለ ጩኸት ቀዝቅዘው ሞተው ሲገኙ «ብርድ ገደላቸው» ብለን የምናልፈው ብዙ ጊዜ በደም ማነስ የመጣ ሞት ሊሆን ይችላል።

ጠላትን ለማሸነፍ ሰፈሩን ማወቅ ይገባል። ሴቲቱ ቁንጫ በቀን እስከ 40 ወይም 50 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ልሙጥ ስለ ሆነ በድመቲቱ ጠጕር ላይ አይጣበቅም፤ ወደ መኝታዋና ወደ ወለሉ ይረግፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ብርሃን የሚሸሽ ቀጭን ትል ይፈለፈላል፤ ይህም ትል በጕዝጓዙና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ሆኖ ከትልልቆቹ ቁንጫዎች የሚረግፈውን የደረቀ ደም እየበላ ያድጋል። ከዚያም ድር ፈትሎ ራሱን ይሸፍናል። በሽፋኑ ውስጥ ሆኖ የሰው ወይም የእንስሳ ሙቀት፤ እስትንፋስና እርምጃ እስኪሰማው ድረስ ለወራት መቆየት ይችላል። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫ እንደ ዝናብ የሚዘንብብን ስለዚህ ነው። በአንድ ቤት ካለው የቁንጫ ወገን ሁሉ በእንስሳው ገላ ላይ የሚገኘው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ እንደ ሆነ ይገመታል፤ የቀረው እንቁላል፤ ትልና ሽፋን ሆኖ በመኝታውና በወለሉ ይገኛል። ስለዚህ ዋናው ጦርነት ከግልገሎቹ ገላ ላይ ሳይሆን ከመኝታቸው ላይ ነው።

ይህን ያልተረዳ ሰው ግን አስቀድሞ የሚሮጠው ወደ መርዝ ነው። በዶዮገና ገጠር ከገባንባቸው ቤቶች በአንዱ የሆነውን ለምሳሌ እንናገራለን። የቤቱ እመቤት ድመቲቱ በቁንጫ ስትሠቃይ አይታ አዘነችና፤ ለበጎቹ መዥገር ተገዝቶ ከመደርደሪያ የተቀመጠውን መድኃኒት በውኃ በጥብጣ እናቲቱን ከነአራቱ ግልገሎቿ አጠበቻቸው። ያደረገችው ከርኅራኄ የተነሣ ነበር። ነገር ግን ድመቲቱ ወዲያው ለሐጯን ታዝረበርብ፤ ትንቀጠቀጥም ጀመር፤ ሳይነጋም እናቲቱና ግልገሎቹ ሁሉ አለቁ። በዚያው ክረምት አይጥ የዘር ባቄላውን ጨርሶ እንደ በላው እመቤቲቱ ራሷ ነገረችን። ቁንጫው ግን በጕዝጓዙ ውስጥ እንዳለ ነበረ።

መርዙ ድመትን ከሌሎች እንስሳት አብልጦ የሚጐዳበት ምክንያት አለው። የድመት ጉበት አንዳንድ መርዝን ፈትቶ የሚያስወጣው ኃይል ከውሻና ከሰው ጉበት ያነሰ ነው። ለምሳሌ ፐርሜትሪን የሚባለው በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተገኘ መድኃኒት ለውሻ ቁንጫ በደኅና ሲያገለግል፤ ያው መጠን በድመት ላይ ቢንጠባጠብ ይገድላታል። ሁለተኛም «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እንዲሉ፤ ድመት ጠጕሯን የመላስ ዓመል አላትና በገላዋ ላይ ያፈሰስነውን ሁሉ መልሳ ትውጠዋለች፤ ግልገሎቿንም ስለምትልስ የእነርሱንም ትውጣለች፤ እነርሱም ከጡቷ ጋራ ይጠቡታል።

ስለዚህ ከዚህ ቀጥለን የምንዘረዝራቸውን ነገሮች በእናቲቱም ሆነ በግልገሎቹ ላይ ከቶ ማድረግ አይገባም። ለበግና ለከብት የሚሆነው ዲያዚኖንና ይህን የመሰለ የመዥገር መድኃኒት፤ ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት፤ ፍሊት እየተባለ በቤት ውስጥ የሚረጨው፤ በአባቶቻችን ዘመን እንደ ታላቅ ፈውስ ይቈጠር የነበረው ዲዲቲ፤ ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ፤ በረኪና፤ የትንባሆ ውኃ፤ የባሕር ዛፍና የሎሚ ቅባት፤ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፤ እነዚህ ሁሉ ለድመት ጐጂዎች ናቸው። አመድ መንዛትም የግልገሎቹን ዓይንና ሳንባ ይጐዳል። ለበግ የሚወጋውን መርፌ ቀንሶ ለግልገል መውጋትም አደገኛ ነው። እንዲሁም የወባ ትንኝ መከላከያ አጎበር በመድኃኒት የተነከረ ነውና፤ አርጅቷል ተብሎ ለግልገሎች መኝታ አይደረግ።

እንግዲህ መርዙን ከተውን ምን እናድርግ የሚል ቢኖር፤ የሚያስፈልገው በማንኛውም ቤት የሚገኝ ነገር ነው፤ ይኸውም ጥርሱ የተጠጋጋ የቅማል ማበጠሪያ፤ ለብ ያለ ውኃ፤ ጥቂት ሳሙና፤ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅና ትዕግሥት ነው።

አስቀድሞ ቁንጫ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። የእናቲቱን ጠጕር በጅራቷ ሥርና በአንገቷ ዙሪያ ገልጦ ማየት፤ ከዚያም ማበጠሪያውን አሳልፎ የረገፈውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ መጣል ነው። ብናኙ ቀልጦ ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነ የቁንጫ ኩስ፤ ማለትም የደረቀ ደም ነው፤ እንዳለ ከቀረ ግን አፈር ነው።

ቀጥሎ ሥራው ከእናቲቱ ይጀመር። ምግቧን ለመብላት ከመኝታዋ ስትወጣ፤ ከግልገሎቹ ራቅ ባለ ስፍራ፤ ከራሷ ወደ ጅራቷ በቀስታ ትበጠር። በአጠገብ ለብ ያለ ውኃ ሳሙና ተጨምሮበት በሳሕን ይቀመጥ፤ በማበጠሪያው የተያዘው ቁንጫ ወዲያው በውኃው ውስጥ ይነከር። ያለ ሳሙና ቁንጫ በውኃ ላይ ተንሳፎ ዘሎ ያመልጣል፤ ሳሙናው ግን ያሰጥመዋል። ቁንጫን በጣት ጨፍልቆ መግደል ንጽሕና ስላልሆነ ይቅር። ይህ በየቀኑ ይደረግ፤ እናቲቱ ከቁንጫ ስታርፍ ወተቷም ይበረክታል። ጥቂት ሥጋና ንጹሕ ውኃም ይጨመርላት፤ የምታጠባ እናት የምትበላው ለራሷ ብቻ አይደለምና።

ግልገሎቹን በሚመለከት፤ ዕድሜያቸው 4 ሳምንት እስኪሞላ ድረስ ዋናው መድኃኒታቸው ማበጠሪያና እርጥብ ጨርቅ ነው። እጅን ታጥቦ አንድ ግልገል ብቻ ማንሣት፤ ለብ ባለ ውኃ በረጠበና በተጨመቀ ጨርቅ ገላውን መጥረግ፤ ከዚያ በማበጠሪያው ቁንጫውን እያነሡ በሳሙናው ውኃ ውስጥ መጣል፤ በደረቅ ጨርቅ አሽቶ ማድረቅና ወደ እናቱ መመለስ ነው። ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ያልቅ። ቁንጫው እጅግ የበዛበትና በጨርቅ የማይለቅ ግልገል የተገኘ እንደ ሆነ፤ ለሕፃን ገላ በሚሆን ሙቀት፤ ይኸውም በክርን ተሞክሮ ለብ በሚል ውኃ፤ ጠንካራ ሽታ በሌለው ሳሙና ከአንገቱ በታች ብቻ ይታጠብ፤ ሳሙናው በንጹሕ ውኃ በሚገባ ይለቅለቅ። ራሱና ፊቱ በጨርቅ ብቻ ይጠረግ እንጂ ውኃ አይፍሰስበት። ይህም ሥራ በቀትር፤ በምድጃ አጠገብ፤ ነፋስ በማይገባበት ይሁን፤ በዶዮገና የክረምት ማታ እርጥብ ግልገል መተው ከቁንጫ የባሰ ነው። ግልገል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የገላውን ሙቀት ራሱ መጠበቅ አይችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት መኝታው እስከ 30 ዲግሪ ያህል ቢሞቅ ይስማማዋል። እናቲቱ በሌለች ጊዜ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ ያለበት ጠርሙስ በአጠገቡ ማኖር ይቻላል፤ ከሙቀቱ ሸሽቶ የሚተኛበት ስፍራ ግን ይተውለት።

አሁን ወደ ዋናው ጦር ሜዳ፤ ወደ መኝታው እንመለስ። ገለባ፤ ቃጫና የደረቀ የእንሰት ቅጠል እንቁላሉንና ትሉን ስለሚሸሽጉ ተሰብስበው ከቤት ርቆ ይቃጠሉ። በምትካቸው ልሙጥ የሆነ የእንጨት ሣጥን ከወለሉ ከፍ ተደርጎ ይቀመጥ፤ ውስጡም ያረጀ የነጠላ ወይም የአንሶላ ቁራጭ ይነጠፍ። ይህ ጨርቅ በየሁለት ቀኑ ይለወጥ። ሲነሣ እንቁላሉ እንዳይበተን ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይያዝ፤ በፈላ ውኃ ይታጠብና በፀሐይ ይሰጣ። እናቲቱ መኝታዋ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲለወጥ ተጠራጥራ ግልገሎቿን በአፏ አንጠልጥላ ወደ ሌላ ስፍራ እንዳትወስዳቸው፤ ሣጥኑ በቀድሞው ስፍራዋ ወይም እጅግ በቀረበ ጸጥ ያለ ስፍራ ይሁን።

ቤቱ በየቀኑ ይጠረግ፤ ይልቁንም የመደቡ ሥር፤ የግድግዳው ጥግና ድመቲቱ የምትተኛበት ሁሉ አይረሳ። ጥራጊው ከበራፍ አይጣል፤ ይቃጠል። ወለሉ አፈር የሆነ እንደ ሆነ የትሉ መሸሸጊያ የሆነው ስንጥቅ እንዲደፈን በሚገባ ተለቅልቆ ይድረቅ። ምንጣፍ ያለበት ቤት ደግሞ በአቧራ መሳቢያ መኪና ይጠረግ፤ የተጠራቀመውም አቧራ ወዲያው ከቤት ይውጣ። የድመት ቁንጫ በድመት ብቻ አይኖርም፤ ውሻንና ጠቦትን፤ ሰውንም ይነክሳል፤ ስለዚህ ውሻውም ይበጠር። በጎቹ የራሳቸው መድኃኒት የሚረጭባቸው እንደ ሆነ በውጭ ይደረግላቸው፤ ገላቸው እስኪደርቅ ድመቲቱ አትቅረባቸው። በሽፋኑ ውስጥ የተደበቀው ቁንጫ ዘግይቶ ስለሚወጣ፤ በሳምንት ጊዜ «ጠፋ» ብሎ ሥራውን መተው አይገባም፤ እስከ 3 ወር መጽናት ይገባል።

መድኃኒት ጨርሶ የለም ማለታችን አይደለም። ሴላሜክቲን የሚባለው፤ በማጅራት ላይ የሚንጠባጠበው መድኃኒት ለምታጠባ ድመት እንደማይጐዳ ተመርምሮ የተፈቀደ ነው። ግልገሎቹ ግን 8 ሳምንት ሳይሞላቸው ባይደረግላቸው ይሻላል። ኒቴንፒራም የሚባለው ክኒን ደግሞ ዕድሜው ከ4 ሳምንት፤ ክብደቱም ከ900 ግራም በላይ ለሆነ ነው፤ አንዱ ብቻ ተሟልቶ ሌላው ከጐደለ አይሰጥም። እነዚህም ቢሆኑ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ፤ ድመቲቱ ተመዝና ይሰጡ እንጂ በግምት አይሰጡ።

ወደ ሐኪም ለመሄድ የሚያስቸኵለውን ምልክት ማወቅም ይገባል። የጤነኛ ግልገል ድድ ሮዝ መልክ አለው። ድዱ የነጣ፤ ገላው የቀዘቀዘ፤ ጡት መጥባት ያቆመ ግልገል ደሙ አልቋልና ፈጥኖ መሞቅና ወደ እንስሳት ክሊኒክ መወሰድ አለበት። እንዲሁም ሳይታወቅ መርዝ የተደረገባት ድመት ለሐጭ ስታዝረበርብና ስትንቀጠቀጥ ብትታይ፤ ወዲያው ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥቦ፤ አድርቆና አሙቆ፤ የመድኃኒቱንም ዕቃ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ወተት አጠጥቶ ወይም አስታውኮ ለማዳን መሞከር አይገባም።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ድካም ለድመት ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለድመት ብቻ አይደለም። ከድመት ጋራ የሚጫወት ሕፃን ሳያውቅ ቁንጫ ቢውጥ ኮሶን የመሰለ ጠፍጣፋ ትል በሆዱ ሊያድርበት ይችላል። ከቁንጫ ወገን የሆነው ሙጃሌም የስንቱን ሕፃን እግር እንዳሽመደመደ በደቡቡ አገራችን የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ወረርሽኙን ከአይጥ ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ቁንጫ እንደ ሆነ ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1898 እ.ኤ.አ. በካራቺ ከተማ በሙከራ አሳይቷል። ስለዚህ የድመቲቱን መኝታ የሚያጠራ ሰው የልጁንም መኝታ ያጠራል፤ አይጥ የምትይዘውን ድመት የሚያሳድግም ከአይጥ ቁንጫ ቤቱን ይጠብቃል።

እንግዲህ ነገራችንን በአጭሩ ስንሰበስበው፤ በግልገል ገላ ላይ ማበጠሪያ እንጂ መርዝ አይደረግ፤ መኝታው በፈላ ውኃና በፀሐይ ይንጻ፤ ወለሉ ይጠረግ፤ እናቲቱ ትመገብ። የበግ መድኃኒትም ለበግ ይቅር፤ ከልጆች እጅና ከድመት ምላስ ርቆ በተዘጋ ስፍራ ይቀመጥ። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ በቀን ግማሽ ሰዓት የምትሆን ትጋት ትበቃለች። እመቤቶች ለቤት ሠራተኞቻቸውና ለልጆቻቸው፤ ሹማምንትም በየወረዳው ለሚያገኟቸው ባላገሮች ይህን ምክር ቢነግሩ፤ በብዙ ጓዳ ውስጥ የጠፋው የግልገሎች ድምፅ ዳግመኛ እንደሚሰማ፤ የጎተራውም እህል እንደሚተርፍ ተስፋ እናደርጋለን።